እናት በሚለው መስመር ላይ

ጥጃዋ ገና ሳትወለድ ነው ለእሷ ብዬ ሰው መጣላት የጀመርሁት። ጠበቃ አድርጎ የቀጠረኝ የለም። የእኔ ሥራ ጥጆች ማጥባት፣ ጭድ መቀየርና ባልዲ ማጠብ ነበር። ግን አንድ ነገር አንዴ ካናደደኝ ዝም ማለት አይሆንልኝም። ልጄ "አንቺ እኮ ከበር ጋርም ትጣያለሽ" ትለኛለች። እውነቷን ነው፤ በሩ አልከፈት ካለ እጣላዋለሁ።

ነገሩ የሆነው በሁለት ሺዎቹ አጋማሽ ነው። እስራኤል ውስጥ፣ ከሀደራ ከተማ ወጣ ብሎ በሚገኝ አንድ የወተት ላሞች እርባታ እሠራ ነበር። የቦታውን ስም አልጠራም፤ ሰዎቹ አሁንም እዚያው ናቸው፤ አንዳንዶቹንም እወዳቸዋለሁ። ቤት ኤሊዔዘር ከሚባለው ሰፈራችን በመጀመሪያው አውቶቡስ እወጣለሁ። ክረምት ከሆነ የጭማቂ ፋብሪካ ባለበት በጋን ሽሙኤል በኩል ስናልፍ የተጨመቀ ብርቱካን ሽታ በመስኮት ይገባል። ከመንገዱ ወርጄ በባሕር ዛፎቹ መሃል ጭቃውን እየዘለልሁ እደርሳለሁ። የላሞቹን ቤት ሬፌት፣ የጥጆቹን ክፍል ዮንኪያ ይሉታል። እኔ የዮንኪያ ሰው ነበርሁ።

ጥጃ አውቃለሁ። ጎንደር ሳለን ጥጃ የሚያድረው ከእኛው ጋር፣ አንድ ጣሪያ ሥር ነበር። ላም መቼ እንደምትወልድ የጭራዋን ሥር ዳስሼ እናገር ነበር። ስቀጠር ግን በቅጹ ላይ ይህን የሚጽፉበት ቦታ ስላልነበረ "ልምድ የላትም" ብለው ጻፉ።

አለቃዬ ዕድሜውን ሁሉ ከላም ጋር የኖረ ሽማግሌ ነበር። በዕብራይስጥ እርስዎ የሚባል ነገር የለም፤ አለቃውንም በሬውንም "አታ"፣ አንተ ነው የሚሉት። መጀመሪያ ላይ አፌ እምቢ ብሎኝ ነበር፤ በኋላ ግን ስናደድበት በጣም ጠቀመኝ። በመጀመሪያው ቀን "ነገ ሰባት ሰዓት ነይ" ቢለኝ በእኛ ሰዓት ቆጥሬ ምሳ ከበላሁ በኋላ ደረስሁ። ጥጆቹ በረሃብ ይጮሃሉ፣ እሱ ደግሞ በእነሱ ላይ ይጮሃል። ያን ቀን ሊያባርረኝ ምንም አልቀረው። ከዚያ ወዲህ ሰዓት በነገረኝ ቁጥር በጣቱ ወደ ፀሐይ ያሳየኛል።

አንድ ዓመት፣ ፋሲካ እንዳለፈ፣ አንዲት ተመራማሪ የእንስሳት ሐኪም ነጭ መኪና ይዛ መጣች። ቀዝቃዛ ጢስ ከሚወጣው ዕቃ ቀጫጭን ቀሰም እያወጣች በአራት ላሞች ማኅፀን ውስጥ ፅንስ አስቀመጠች። እሷ ስትሄድ ሽማግሌው "እነዚህን በደንብ ጠብቂልኝ፣ ሆዳቸው ውስጥ ያለው መሹባት ነው" አለኝ። እኔ የሰማሁት መሹባሽ ብሎ ነው።

መሹባት የሚባል ቃል ሰምቼ አላውቅም። መሹባሽን ግን አሳምሬ አውቀዋለሁ፤ የተበላሸ፣ የተዛባ ማለት ነው። ያወቅሁትም በገዛ ስሜ ነው። እንደመጣን መታወቂያ ሲሰጡን አንዱ ጸሐፊ ስሜን እንደመሰለው ጻፈው። ከዓመት በኋላ ሌላይቱ ጸሐፊ መታወቂያዬን ገልበጥ አድርጋ አየችና "ስምሽ እኮ መሹባሽ ነው" አለችኝ። ስሜ ደህና ነበር፤ ያበላሹት እነሱ ናቸው። ያን ቃል እስክሞት አልረሳውም።

ስለዚህ ወገቤን ይዤ ሽማግሌው ፊት ቆምሁ።

"መሹባሽ ከሆነ በደህና ላም ሆድ ውስጥ ለምን ታስገቡታላችሁ?"

"ምክንያቱም ከምርጧ ላም የተወሰደ ነው" አለ፤ እሱም በበኩሉ መሹባት ያልሁ መስሎት ነበር። "እንደሷ ያለ ብዙ እንፈልጋለን።"

"መሹባሽ ብዙ ትፈልጋላችሁ?"

"በታሕ! እንዴታ! ሬፌቱ ሙሉ ቢሆን ደስ ይለኛል።"

ሽማግሌው ጃጀ ብዬ ለልቤ ነገርሁት። እሱም ስለ እኔ ተመሳሳይ ነገር ሳያስብ አልቀረም።

ከአራቱ ላሞች ሦስቱ አልዘለቁም። የአንዷ ፅንስ ሳይይዝ ቀረ፤ ላሟ ተመልሳ ኮርማ ፈለገች። ሁለተኛዋ በአምስተኛው ወር አስወረደች። የሦስተኛዋ ሆድ ውኃ ሞልቶ እንደ ከበሮ ተነፋና ጥጃዋ ሞታ ወጣች። በእያንዳንዱ ጊዜ ሽማግሌው "እንዲህ ያለው ፅንስ ብዙ ጊዜ እንዲህ ይሆናል" ይላል። እኔ ደግሞ የተበላሸ መሆኑን እያወቃችሁ አስገብታችሁ፣ አሁን ምን ይደንቃችኋል እያልሁ ጭዴን እጠርጋለሁ። ለላሞቹ አንጀቴ አረረ።

አራተኛዋ ላም የጆሮ ቁጥሯ 412 ነበር። ግንባሯ ላይ ነጭ ያለባት፣ ስትታለብ እግሯን የማታነሳ ጥቁር ላም። ቀኗ ደረሰ፣ አለፈም። ላም ልትወልድ ስትል ጡቷ ይወጠራል፣ የጭራዋ ሥር ይላላል። የእሷ ጡት ባዶ ነው፣ ጭራዋም ጥብቅ።

"ይቺ ላም መውለጃዋ መድረሱን አታውቅም" አልሁ ለራሴ፣ ግን ጮክ ብዬ።

ሐኪሟ ከጀርባዬ ቆማ ኖሯል። "ናኾን፣ ልክ ነሽ" አለች። ከመጣች ጀምሮ ፊቴን ስታይ ያ የመጀመሪያዋ ነው። "ጥጃዋ ደረስሁ ብላ ለእናቲቱ ምልክት አትልክም። ስለዚህ ቀደን እናወጣታለን።"

በማግስቱ ጠዋት ላሟን እንደቆመች ጎኗን አደንዝዘው ቀደዷት። የወጣችው ጥጃ የሌላ ጥጃ እጥፍ ታክላለች። እትብቷ እንደ ክንዴ የወፈረ ነው፤ ሐኪሟ ደሙን ለማቆም በክር እያሰረች ላብ በላብ ሆነች። ጥጃዋ ሙቀት እንደመታው ውሻ ቶሎ ቶሎ ትተነፍሳለች። ምላሷ ሰማያዊ ነው፣ የፊት እግሮቿ ከቁርጭምጭሚቷ በላይ ወደ ውስጥ ታጥፈው አልዘረጋ ብለዋል። ጣቴን አፏ ውስጥ ብከት አልጠባችም። ጥጃ ጣት ካልጠባ ነገሩ ከባድ ነው።

ወዲያው ወደ ዮንኪያ ወስደው ቀይ መብራት ሥር አስተኟት። የላሟ ጡት ባዶ ስለነበር ከማቀዝቀዣ የሌላ ላም እንገር አውጥተው፣ አሙቀው፣ በጉሮሮዋ በቱቦ አወረዱላት። 412 ከዚያ ማዶ ሆና መጮኽ ጀመረች። እዚህ አገር ጥጃ እንደተወለደ ከእናቱ ይለያል፤ ለምጄው ነበር። ጤነኛ ጥጃ በባልዲም ያድጋል። ይቺ ግን ጤነኛ አልነበረችም፣ እናቷም አላየቻትም። ሥራዬን እየሠራሁ ጆሮዬ ጩኸቱ ላይ ነበር።

በሁለተኛው ቀን ጥጃዋ ያለችበት አጥር ላይ ካርድ ተሰቅሎ አገኘሁ። ዕብራይስጥ ማንበብ በማታ ትምህርት ትንሽ ተምሬያለሁ፤ ፊደል በፊደል እሄዳለሁ። ሜም፣ ሺን፣ ቫቭ፣ ቤት። መሹብ... አለ። ከዚያ ወዲያ ማንበብ አላስፈለገኝም፣ ቀሪውን ከራሴ ጨረስሁት። መሹቤሼት! ገና የሁለት ቀን እንቦሳ ናት፣ እነሱ የተበላሸች ብለው ጽፈው ራስጌዋ ሰቅለውላታል።

ሐኪሟ ሙቀቷን ለካች። አንዴ ይወጣል፣ አንዴ ይወርዳል። ማዳመጫውን ጆሮዋ ላይ አድርጋ ብዙ ቆየችና ተነሣች።

"ነገ እስከ አሥራ ሁለት ሰዓት እጠብቃለሁ" አለችኝ፤ በእነሱ ቆጠራ እኩለ ቀን ማለቷ ነው። "እስከዚያ ካልቆመችና ካልጠባች የመጨረሻውን መርፌ እወጋታለሁ። ማሠቃየት ልክ አይደለም።"

"እናንተ አስቀድማችሁ ፈርዳችሁባታል!" አልሁና ካርዱን አሳየኋት። "ይኸው ተጽፏል!"

ካርዱን አየች፣ እኔን አየች። "የተጻፈው እኮ እውነት ነው" አለች።

ደሜ ፈላ። እሷ ወደ መኪናዋ ስትሄድ ካርዱን ገንጥዬ ኪሴ ውስጥ ከተትሁት። ሙቀቷ፣ እንገር የጠጣችበት ሰዓት፣ ሁሉ እዚያ ላይ እንደተጻፈ አላሰብሁም። እኔ ያየሁት ስድቡን ብቻ ነው።

ልጄ ያኔ ወታደር ነበረች፤ ሃይፋ ቢሮ ውስጥ ትሠራና በየቀኑ ከሥራ ስትወጣ በባቡር ሀደራ ምዕራብ ወርዳ ቤት ትመጣለች። እንደገባች፣ ጫማዋን እንኳ ሳትፈታ፣ ካርዱን ሰጠኋት።

"እማየ፣ ማ ዜ? ምንድን ነው? ከየት አመጣሽው?"

"የጥጃይቱ ነው። እንዴት አድርገው እንደሰደቧት አንብቢልኝ።"

"ማን ሰደባት? ካርቲስ እኮ ነው፣ የሙቀቷ ምናምን ነው።"

"መሹቤሼት ይላል አይደል?"

ልጄ ካርዱን ጠጋ አድርጋ አየችና ከት ብላ ሳቀች። ሳቋ እስከ ደረጃው ይሰማል። "ሎ እማየ! መሹቤሼት አይደለም፣ መሹቤቴት ነው! ይቺ ቴት ናት፣ ሺን አይደለችም!"

"መሹቤቴት ደግሞ ምንድን ነው?"

"ኤይኽ ላሃስቢር... እንዴት ልንገርሽ። ከአንዲት ላም ጆሮ ትንሽ ቆዳ ይወስዱና ልክ እሷን የመሰለች ሌላ ያወጣሉ። ያለ ኮርማ። ኮፒ በይው።"

"ያለ ኮርማ?"

"ያለ ኮርማ።"

ተቀመጥሁ። ዘጠኝ ወር ሙሉ ከሽማግሌው ጋር የተነጋገርሁት አንድ በአንድ ትዝ አለኝ፤ "ሬፌቱ ሙሉ ቢሆን ደስ ይለኛል" ያለኝም ጭምር። በሐፍረት ሽምቅቅ አልሁ። ከዚያ እኔም ሳቅሁ። ግን ሳቄ ሳያልቅ ዓይኔ ካርዱ ላይ ሌላ ነገር አየ። ቁጥር ለማንበብ ማንም አያስፈልገኝም፤ ካርዱ ላይ ያለው ቁጥር ደግሞ 412 አይደለም።

"ይኼ ምን የሚል መስመር ነው?"

"ኤም። እናት።"

"ታዲያ ይቺ የማን ቁጥር ናት?"

"ጆሮዋን የቆረጧት ላም ትሆናለች።"

"እሷ አርግዛታለች? ወልዳታለች?"

"ሎ። አይታትም አታውቅ። ባኤሜት፣ እውነቱን ልንገርሽ፣ በደንብ ካሰብሽው እናቷም አይደለችም፣ መንታ እኅቷ ናት።"

"412ስ?"

ልጄ ካርዱን ገለበጠችው። "ቁጥሯ የለም። እሷ ፑንዳካይት ናት። ፑንዳክ ድሮ መንገደኛ የሚያድርበት ቤት ነው። እና... አሳዳሪ እንደማለት።"

አሳዳሪ! ላሟ ዘጠኝ ወር ከዚያም በላይ ተሸክማ፣ ጎኗን ተቀድዳ፣ ሁለት ቀን ሙሉ ጮኻ፣ መንገደኛ አሳዳሪ ሆና ቀረች። አሁን የመጣብኝ ንዴት የቅድሙ ዓይነት አልነበረም፤ የቅድሙ ስሕተት ነበር፣ ይኼኛው ግን ማንበብ ከቻልሁ በኋላ የመጣ ነው።

የእናት መስመር ምን እንደሆነ እኔ አውቃለሁ። ወደዚህ አገር ለመምጣት ጎንደር ስንጠብቅ ለዓመታት የተጠየቅሁት እሱን ነው፤ አይሁድነት የሚቆጠረው በእናት ነውና። እናትሽ ማን ናት? የእናትሽ እናትስ? ዘመዶቼ በድሮ ጊዜ ክርስትና ገብተው ስለነበር የእኔ እናት ብቻዋን አልበቃችም። አያቴን ዓይተዋት የማያውቁ ሰዎች አንዱ ይጽፋታል፣ ሌላው መጥቶ ይሰርዛታል። አያቴ በሕይወቷ ሙሉ ማንም ተነሺ ብሏት የማትነሣ ሴት ነበረች፤ በወረቀት ላይ ግን ስንት ጊዜ ተሰረዘች። ይህን ለልጄ ነግሬያት አላውቅም ነበር። ያን ቀን ነገርኋት። ካርዱን አጣጥፋ መለሰችልኝና "ታዲያ ነገ ምን ልታደርጊ ነው?" አለችኝ።

ወጥ ቤት ገብቼ አንድ ብርጭቆ ጨው በላስቲክ ቋጠርሁ። አሮጌ ነጠላዬን ቀድጄ ጨመርሁበት።

በማግስቱ ስደርስ ሽማግሌው አለባ ጨርሶ ቱቦ ያጥባል።

"ጥጃዋን ወደ እናቷ እወስዳታለሁ" አልሁት።

"ሐኪሟ ከልክላለች። ላሟ ቁስል አለባት።"

"ቁስሉ ጎኗ ላይ ነው። ምላሷ ደህና ነው።"

 ሽማግሌው ጀርባውን ሰጠኝና ንጹሕ የሆነውን ቱቦ እንደገና ማጠብ ጀመረ። ሰው ሲፈቅድ በብዙ መንገድ ነው።

ጥጃዋን በአንድ ጎማ ጋሪ ላይ ለመጫን ወገቤ ሊቆረጥ ነበር። አንድ የተጣለ የውኃ ቱቦ ለሁለት ሰንጥቄ፣ የታጠፉትን እግሮቿን ቀስ ብዬ ዘርግቼ፣ በነጠላው ጠቅልዬ አሰርሁት። አገር ቤት ቢሆን ሸንበቆ ነበር። ከዚያ 412 ፊት፣ ንጹሕ ጭድ ላይ አስቀመጥኋት።

ላሟ መጥታ አሸተተቻት። ፊቷን አዞረች። ሁለት ቀን ሙሉ የጮኸችላትን ጥጃ ትታት ሄደች! ጥጃዋ የምትሸተው መድኃኒትና የእኛን ጓንት ነው፤ ላሟ በምን ትወቃት። ሞቼ ነው ቆሜ። ጓንቴን አውልቄ ከላሟ ሥር ጭድ እያነሣሁ ጥጃዋን ከአንገቷ እስከ ጭራዋ አሸኋት። ቀጥሎ ጨውን በጀርባዋ ላይ በተንኩት። እናቴም እንዲህ ነበር የምታደርገው። ላም ጥጃዋን ካልተቀበለች ጨው ታስታርቃቸዋለች።

412 ተመልሳ መጣች። አንዴ ላሰች፤ ቆመች፤ ጨዉ ጣማት መሰለኝ እንደገና ላሰች። ከዚያ ወዲያ ማን ያስቁማት! ያ ሸካራ ምላሷ ጥጃዋን ወዲያና ወዲህ ያንገላታታል። ጥጃዋ አስነጠሰች። ጆሮዋን አራገበች። ብዙም ሳይቆይ የመጀመሪያ ኩሷን ጣለች፤ በደስታ ጮኽሁ፤ ሽማግሌው የሞተች መስሎት እየሮጠ መጣ። የላሟን ጡት ብነካ ጠብ ጠብ የሚል እንገር አገኘሁ። በጣቴ እየነከርሁ የጥጃዋን ላንቃ አሸሁ። ለመጀመሪያ ጊዜ ጣቴን ያዝ አደረገችው። መቆም ግን አልቻለችም። ሦስት ጊዜ ሞከረች፣ ሦስቱንም በአፍንጫዋ ተደፋች።

ሐኪሟ ቦርሳዋን ይዛ ከእኩለ ቀን ጥቂት ቀደም ብላ ደረሰች። የጥጃዋ ቦታ ባዶ፣ ካርዱም የለም። ከላሟ ጋር ስታገኘን ፊቷ ቀላ።

"ማነው እዚህ ያመጣት? ካርዱስ የት አለ?"

ከኪሴ አውጥቼ ሰጠኋት። መሹቤሼት የሚል መስሎኝ እንደነበር በግልጽ ነገርኋት። ሐፍረቴን አልደበቅሁም።  ከዚያ ተንበርክካ ጥጃዋን አዳመጠች። "ትንፋሿ ተሻሽሏል" አለች። ሰዓቷን አየች። "ግን አልቆመችም። አሥራ ሁለት ሰዓት ሆኗል።"

ቦርሳዋን ከፈተች። በእሷና በጥጃዋ መካከል ገብቼ ቆምሁ።

"አሥራ ሁለት አልሆነም" አልኋት። "አሁን ስድስት ሰዓት ነው።"

"ምን?"

"በእኔ ሰዓት ስድስት ነው። አሥራ ሁለት የሚሆነው ፀሐይ ስትገባ ነው። አንቺ እስከ አሥራ ሁለት ብለሽኛል። ቃልሽን አክብሪ።"

ሽማግሌው ከአጥሩ ማዶ ሳቁን መያዝ አቃተው። "እውነቷን ነው" አለ ዓይኑን እየጠረገ። "እኔንም በዚሁ ሰዓት ጉድ አድርጋኛለች። ሰዓቷ እንዲህ ነው የሚቆጠረው።" በጣቱ ወደ ፀሐይ አሳያት።

ሐኪሟ ሁለታችንንም አየች። እጄን ዘርግቼ እንደቆምሁ ነኝ፤ አልተንቀሳቀስሁም። በስተመጨረሻ ቦርሳዋን ዘጋችና ባልዲ ገልብጣ ተቀመጠችበት። "ፀሐይ እስክትገባ" አለች። "በማንም ሰዓት ከዚያ አያልፍም።"

ፀሐይዋ ወደ ባሕሩ አዘቅዝቃ የባሕር ዛፎቹ ጥላ ሬፌቱ ላይ ሲደርስ 412 ጥጃዋን በአፍንጫዋ ከሥር ገፋች። ጥጃዋ የኋላ እግሮቿን አነሣች። ቂጧን ወደ ላይ ሰቅላ ብዙ ቆየች። እኔ ልደግፋት ስንደረደር ሐኪሟ ክንዴን ያዘችኝ፤ "ተያት" አለችኝ በሹክሹክታ። በታሰሩት እግሮቿ እየተውተረተረች ቆመች። ቆመች! ግድግዳውን ጠባች፣ ጉልበቴን ጠባች፣ የሐኪሟን ካፖርት ጠባች፤ በኋላ ጡቱን አገኘችው። አለቀስሁ፤ አላፍርበትም።

ሐኪሟም ዓይኗ ረጥቦ ነበር። እሷ ግን የጽሑፍ ሰው ናትና ወዲያው አዲስ ካርድ አወጣች። መሹቤቴት ብላ ጻፈች፤ ይኼን አሁን ማንበብ እችላለሁ። የእናት መስመር ላይ ስትደርስ የዚያችን የሩቅ ላም ቁጥር ጻፈች። እስክሪብቶውን ስጪኝ አልኋት። ሰጠችኝ። ከቁጥሩ አጠገብ፣ በትልቁ፣ 412 ብዬ ጻፍሁ።

"እንዲህ አይደረግም" አለች፣ ሳትቆጣ። "ይኼ መዝገብ ነው። የምትዪው ቢገባኝም እናቷ እሷ አይደለችም።" በአንድ መስመር ሰረዘችው።

"ምላሷን ጠይቂው" አልኋት።

ጥጃዋ ከዮንኪያ አድጋ ወደ ጊደሮቹ እስክትሄድ ድረስ ሐኪሟ በየጊዜው እየመጣች ታያት ነበር። እትብቷ ደረቀ፣ እግሮቿ ቀኑ፣ ትንፋሿም እንደ ማንኛዋም ጥጃ ሆነ። ሐኪሟ በመጣች ቁጥር ካርዱን ታያለች፣ ራሷን ትነቀንቃለች፣ ትሰርዛለች። ሦስት ጊዜ ሰረዘችው። እኔ አራት ጊዜ ጻፍሁት።